ከቀለም የጀመረ ፒካፕ ከግቢ አይወጣም

ጥያቄው ይህ ነው፦ «ጋሼ፣ አባቴ የተወልኝ የ1970 ሞዴል ላንድክሩዘር ፒካፕ አለ። ኤፍጄ 45 ነው፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር ቤንዚን። አዲስ አበባ ግቢያችን ውስጥ ከቆመ 11 ዓመት ሆነው። ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ቅዳሜና እሁድ እየሠራን ወደ ድሮ መልኩ ልንመልሰው አስበናል። ሙሉ በሙሉ ፈታትተን፣ ላሜራውን በአሸዋ አስነፍተን፣ ስቱኮ አድርገን እንቀባዋለን። ከዚያ ቤንዚን ስለማያዋጣ ሞተሩን አውጥተን የሃይሉክስ ናፍጣ ሞተር እናስገባለን። ባለፈው ሳምንት አዲስ ባትሪ ገዝቼ ላስነሳው ብሞክር ‹ጠቅ› ይላል እንጂ አይዞርም። ፍሬኑም ሲረገጥ ዝም ብሎ ይሰምጣል። በስድስት ወር ያልቃል? ስንት ብር ልያዝ?»

ባትሪውን ፍታና ቁልፉን ኪስህ ክተት። 11 ዓመት የተኛ ሞተር በሞተሪኖ፣ በቁልፍ በሚሠራው ማስነሻ፣ አይሞከርም። ፒስተኖቹን የከበቡት ፋሻዎች ከሲሊንደሩ ግድግዳ ጋር በዝገት ተጣብቀው ሊሆን ይችላል። በጉልበት ስታዞረው ወይ ፋሻ ይሰበራል ወይ ሲሊንደሩ ይጫራል፣ ያኔ በትንሽ ዘይትና በትዕግሥት ያልቅ የነበረው ነገር ቶርኖ ቤት ይገባል። በዚያ ላይ «ጠቅ» ማለቱ ብቻውን ሞተሩ ነክሷል፣ ማለትም ተጣብቆ ቀርቷል፣ አያሰኝም። የባትሪው ራስ ዝጎ፣ ከሞተሩ ወደ ሻንሲው የሚሄደው የማሳ ገመድ ላልቶ፣ ወይም ሞተሪኖው ራሱ ደርቆ ሊሆን ይችላል። የትኛው እንደሆነ የሚታወቀው በእጅ ሲዞር ነው፣ እደርስበታለሁ።

ዕቅድህ ውስጥ ያሉት ሥራዎች አብዛኞቹ መሠራት ያለባቸው ናቸው። የተገለበጠው ቅደም ተከተሉ ነው። «ሙሉ በሙሉ ፈታትተን» የምትለዋ ቃል ስንቱን መኪና እንደቀበረች ብታውቅ ደግመህ አትላትም። ኮፈኑ ግድግዳ ላይ ተደግፎ፣ በሮቹ አልጋ ሥር፣ የአራት ዓይነት ሥራ ብሎኖች በአንድ የቀለም ጣሳ ውስጥ ተቀላቅለው፣ ጋቢናው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ የሚቀር መኪና በየሰፈሩ ሞልቷል። ባለቤቶቹ ሰነፎች ሆነው አይደለም። የተፈታ መኪና አይገፋም፣ አይሸጥም፣ የት ድረስ እንደተሠራም አይታይም፣ ስለዚህ ልብ ያዝላል። መጀመሪያ መቆም ይቻል፣ ቀጥሎ መሄድ፣ ማማር መጨረሻ ላይ ይድረስ። አንዱን ክፍል ፈተህ፣ ሠርተህ፣ መልሰህ ግጠምና ወደሚቀጥለው እለፍ። መኪናው ሁልጊዜ በአራት ጎማው የሚገፋ ይሁን።

አሁን «1970» ያልከው። በእኛ ነው በፈረንጅ? ቀላል ነገር እንዳይመስልህ። በእኛ ከሆነ በፈረንጅ 1977 ወይም 1978 ነው፣ ኮፈኑ ሥር የምታገኘውም 2ኤፍ የሚባለው 4.2 ሊትር ሞተር መሆን አለበት፤ እሱ የገባው በፈረንጅ 1975 ነው። በፈረንጅ 1970 ከሆነ ግን ያለህ የቀድሞው ኤፍ ነው፣ 3.9 ሊትሩ፣ ካምቢዮውም ባለ ሦስት ማርሽ ሳይሆን አይቀርም። ሁለቱ ሲታዩ ይመሳሰላሉ፣ ዕቃቸው ግን በብዙ ቦታ አይወራረስም። የመኪና ዕቃ ገበያው ሶማሌ ተራ ሄደህ «የ70 ላንድክሩዘር» ብለህ ብትጠይቅ ደግሞ ጭራሽ በፈረንጅ ከ1984 በኋላ የመጣውን የ70 ሲሪዝ ዕቃ ያቀብሉሃል። ስለዚህ በዓመት አትጠይቅ። ከሞተሩ ጀርባ ካለው ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን የብረት ሰሌዳ አጽዳና የሞዴሉን ኮድ ገልብጥ። የሻንሲ ቁጥሩ በቀኝ በኩል ሻንሲው ፊት ላይ ተመትቷል፣ የሞተሩ ቁጥር ብሎኩ ቀኝ ጎን ላይ ነው። በናፍጣ በራሰ ጨርቅና በለስላሳ የሽቦ ብሩሽ አጽዳው፣ ግራይንደር እንዳታስጠጋ። ከዚያ ሁለቱንም ቁጥሮች ከሊብሬው ጋር አስተያይ። ካልገጠሙ፣ ወይም ሊብሬው አሁንም በአባትህ ስም ከሆነ፣ አንዲት ብሎን ሳትፈታ መንገድ ትራንስፖርት ሂድና ጣጣውን ጨርስ። ቁጥሩ ያልተስተካከለ መኪና ላይ የፈሰሰ ብር የባከነ ብር ነው፣ ቦሎ አታወጣበትም፣ ልሽጠው ብትልም የሚገዛህ የለም።

ወደ ሞተሩ። ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥሉትን ስድስት ካንዴላዎች አውጣና በቅደም ተከተላቸው ካርቶን ላይ ሰካቸው፣ እያንዳንዱ የራሱን ሲሊንደር ታሪክ ይነግርሃል። አንዱ ዝጎ ሌሎቹ ደረቅ ከሆኑ፣ በዚያ ሲሊንደር ውሃ ገብቷል ማለት ነው። ከዚያ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይትና ላምባ እኩል ቀላቅለህ በየካንዴላው ቀዳዳ ግማሽ የቡና ሲኒ ያህል አፍስስ። አንድ ሳምንት ይቀመጥ፣ መሃል ላይ ትንሽ ጨምርበት። ማርሹ ነጻ ላይ ይሁን። ከፊት ፓራውልቱ ላይ የማኖቬላ (የእጅ ማዞሪያ ብረት) ቀዳዳ ካለውና ማኖቬላው ከአባትህ ዕቃ ጋር ከተገኘ በሱ አዙር፣ ከሌለ ሞተሩ ፊት ላይ ያለውን የፑሌጃ (የቺንጋ መንኮራኩር) ትልቅ ዳዶ በረጅም ቁልፍ ያዝ። የምትፈልገው ሙሉ ዙር አይደለም። የጣት ስፋት ያህል ከተንቀሳቀሰ በቃ፣ ወደ ኋላ መልሰው፣ እንደገና ወደፊት፣ ዘይቱ ራሱ መንገዱን ያገኛል። እምቢ ካለ ሌላ ሳምንት ስጠው። ማርሽ አስገብተን በሌላ መኪና እንጎትተው የሚል መካሪ ከመጣ ሻይ ጋብዘውና ሸኘው።

በእጅ ሲዞር ቀለል ካለ ያ «ጠቅ» የኤሌክትሪክ ችግር ነበር፣ ገመዶቹን አጽዳ፣ ሞተሪኖውን ፈትሽ። አሁንም ግን ለማስነሳት አትቸኩል። አሮጌውን ዘይት አፍስስና ፊልትሮውን ቀይር፣ 2ኤፍ ወደ 8 ሊትር ይወስዳል። የቴስታታውን (የሞተሩን ራስ) ክዳን አንሳና ሰው ሞተሩን ሲያዞርልህ 12ቱም ቫልቮች ሲወርዱና ሲወጡ በዓይንህ እይ። የነከሰ ቫልቭ ካለ የሚገፋው ዘንግ ይጎብጣል፣ ጎብጦ ብታገኘው ደግሞ ከነከሰው ቫልቭ በፊት ዘንጉን መለወጥ ትርፉ ሌላ ዘንግ ማጉበጥ ነው። ካንዴላ ሳይገባ በሞተሪኖ እያዞርክ የዘይት ግፊት መለኪያው ቀና እስኪል ጠብቅ። ፑንቲናውን፣ የብልጭታውን ኤሌክትሪክ የሚያቋርጠውን መገናኛ፣ በጥሩ ብርጭቆ ወረቀት አጽዳው፣ 11 ዓመት የቆመ ፑንቲና ላዩ ስለሚበላ ብልጭታ አይሰጥም፣ ሰውም በስህተት ቦቢና ሲቀይር ይኖራል። የካንዴላ ገመዶቹ ተራ 1-5-3-6-2-4 ነው። ታንኩ ውስጥ ያለውን ቤንዚን ደግሞ እርሳው። ወደ ሙጫነት ተለውጧል፣ ካርቡራተሩ ውስጥ ከገባ ቀዳዳዎቹን ሁሉ ይደፍናል። ለሙከራ ንጹሕ ቤንዚን በትንሽ ዕቃ ከማርሚታው ርቆ ይቀመጥ፣ በጎማ ቱቦ ከፖምፓው ጋር ይገናኝ፣ እሳት ማጥፊያ አጠገብህ ይሁን። ይህን የምለው ለወግ አይደለም።

ከተነሳ በኋላ ሞተሩ ይታደሳል አይታደስም የሚለውን የሚወስንልህ የኮምፕሬሽን (የሲሊንደሩ የመጭመቅ ግፊት) መለኪያ ነው፣ የሰፈር መካኒክ ጆሮ አይደለም። እዚህ ላይ አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ ደህና ሞተር ያለጥፋቱ ይቀደዳል። የፋብሪካው መጽሐፍ ለ2ኤፍ 150 ፒኤስአይ አካባቢ ይላል፣ ዝቅተኛው 114 ነው። ያ ቁጥር ግን ባሕር ጠለል ላይ ላለ መኪና ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ሲሊንደሩ የሚጨምቀው ያገኘውን አየር ስለሆነ ሙሉ ጤነኛ ሞተር እዚህ ከ110 እስከ 115 ሊያሳይ ይችላል። መጽሐፍ የያዘ መካኒክ ይህን አይቶ «አልቋል፣ ሪቲፊካ» ይልሃል፣ ሲሊንደሩ ተሞርዶ ሞተሩ ይታደስ ማለቱ ነው። እንዳትሸወድ። አንተ የምታየው ስድስቱ ምን ያህል እንደሚቀራረቡ ነው፣ በትልቁና በትንሹ መካከል ያለው ልዩነት ከ14 ፒኤስአይ ባይበልጥ ጥሩ ነው። ስትለካ ሞተሩ የሞቀ፣ ካንዴላዎቹ በሙሉ የወጡ፣ ቤንዚን መስጫው እስከ መጨረሻው የተረገጠ ይሁን። አንዱ ከወረደ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ጨምረህ ድገመው። ከፍ ካለ ችግሩ ፋሻ ነው፣ ንቅንቅ ካላለ ቫልቭ ነው። ጎን ለጎን ያሉ ሁለቱ አብረው ከወረዱ የቴስታታውን ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) ጠርጥር። ለረጅም ጊዜ የቆመ ሞተር ላይ ደግሞ የመጀመሪያው ልኬት የመጨረሻ ፍርድ አይደለም፣ ጥቂት ሰዓት ሠርቶ ፋሻዎቹ ሲፈቱ ቁጥሩ ይሻሻላል። ቫልቮቹን ሞተሩ እንደሞቀ አስተካክል፤ አስገቢው 0.20 ሚሊ ሜትር፣ አስወጪው 0.35። ካንዴላው ጥላሸት ለብሶ ቢወጣም አትደንግጥ፣ ለባሕር ጠለል የተስተካከለ ካርቡራተር በኛ ከፍታ ቤንዚን ይበዛበታል፣ መፍትሔው ቤንዚን የሚያሳልፈውን የጂግለር ቀዳዳ አንድ ቁጥር ማሳነስ ነው።

የሃይሉክሱን ናፍጣ ሞተር ሐሳብ ተወው። ሰው ብዙ ጊዜ የሚያገኘው 2.4 ወይም 2.8 ሊትር፣ ባለ አራት ሲሊንደር ነው። 2ኤፍ በደቂቃ 1,800 ዙር ላይ፣ ገና ሳይጮህ፣ 270 ኒውተን ሜትር አካባቢ ጉልበት ይሰጣል። የ2.4ቱ ናፍጣ ከዚያ በብዙ ያንሳል። የመኪናው ካምቢዮና ዲፈረንሻል የተመረጡት ለዚያ ትልቅ ቤንዚን ሞተር ስለሆነ አዲሱ ሞተርህ ቁልቁለት ላይ ሲጮህ፣ ዳገት ላይ ሲያለቅስ ይኖራል። ከዚያ የሞተር መቀመጫው ተቆርጦ ይበየዳል፣ ራዲያተሩ ይቀየራል፣ ማርሚታው ይሠራል፣ የፍሬን ሰርቮ ካለው ደግሞ ናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚኑ ከማስገቢያው ቫኪዩም ስለማይሰጥ ሌላ የቫኪዩም ፖምፓ ይፈልጋል። ሊብሬው ላይ ያለው የሞተር ቁጥርም መቀየር አለበት። ይህን ሁሉ ደምረህ በነዳጅ ለመመለስ ምን ያህል መንዳት እንዳለብህ አስላው። ልክ ነህ፣ 2ኤፍ ቤንዚን ይጠጣል፣ በሊትር 5 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው የሚሄደው። ግን ቅዳሜና እሁድ ለሚወጣ መኪና ልዩነቱ የሞተር ቅየራውን ወጪ አይመልስም። ገጠር ጭነት ልታመላልስበት ከሆነና ናፍጣ የግድ ካልክ፣ ያንኑ ሻንሲ ከፋብሪካው ጀምሮ የገጠመ አለ፤ የኤችጄ 45ቱ 3.6 ሊትር ወይም የኤችጄ 47ቱ 2ኤች፣ 4 ሊትሩ። ከነካምቢዮው፣ ከነመቀመጫው፣ ከነራዲያተሩ ሙሉውን ካላገኘህ አትጀምረው፣ አንዳንዶቹ በ24 ቮልት የሚሠሩ ስለሆኑም ሞተሪኖውንና ዲናሞውን አይተህ ግዛ። የኔ ምክር ግን ግልጽ ነው፦ የራሱን ሞተር አድነው። መኪናውን ያ መኪና የሚያደርገው እሱ ነው፣ ዋጋውንም የሚይዘው እሱ ነው።

ፍሬኑ ላይ ረዘም ላድርገው፣ ሰው የሚሞተው እዚህ ነውና። ፔዳሉ የሚሰምጠው ዘይቱ ስለጎደለ ብቻ ነው ብለህ ሞልተህ ብትመታው ለሁለት ቀን ይይዝልህ ይሆናል። የፍሬን ዘይት ውሃ ይስባል፣ 11 ዓመት የቆመው ዘይት ደግሞ ሲሊንደሮቹን ከውስጥ አዝጎ ጎሚኖቹን (የውስጥ ጎማዎቹን) አጠንክሯል። አራቱም ጎማ ታንቡር (የከበሮ ዓይነት ፍሬን) ከሆነ በእያንዳንዱ ጎማ ሁለት፣ በጠቅላላው ስምንት የፍሬን ሲሊንደር አለህ። አንዱ ሲያንጠባጥብ ሰባቱ ዋጋ የላቸውም። አንዱን ታንቡር ክፈትና የሲሊንደሩን የጎማ ክዳን በካቻቢቴ ጫፍ ገለጥ አድርግ። ቡናማ ውሃ ጠብ ካለ፣ ወይም ፒስተኗ በአውራ ጣትህ ስትገፋት ካልተነቃነቀች፣ ስምንቱንም ቀይር። ግድግዳው የተበላ ሲሊንደር ላይ አዲስ ጎሚኒ መክተት ገንዘብ መወርወር ነው። ዋናው ፖምፓ፣ ሦስቱ ተጣጣፊ ቱቦዎች፣ የዛጉ የብረት ቱቦዎች አብረው ይለወጡ። የፍሪጅ መዳብ ቱቦ ለፍሬን የሚገጥም ሰው ካጋጠመህ ከግቢህ አስወጣው። መዳቡ በንዝረትና በግፊት ይደክማል፣ የሚበጠሰውም ቁልቁለት ላይ ጠንክረህ የረገጥክ ጊዜ ነው። ዶት 3 የፍሬን ዘይት እንጂ የመሪ ዘይት ወይም የሞተር ዘይት አታድርግ፣ ጎሚኖቹን ሁሉ ያሳብጣቸዋል። በዚያ ዘመን የነበረው የፍሬን ሸራ አስቤስቶስ ስላለበት በኮምፕሬሰር አትንፋው። ሳሙና ባለው ውሃ አርጥበህ ጥረገው፣ ጨርቁን በላስቲክ ቋጥረህ ጣለው፣ ልጆች አጠገብህ አይኑሩ።

ሌላም አለ። የዚህ መኪና የእጅ ፍሬን እንደ አሁኖቹ የኋላ ጎማ ላይ አይደለም፣ ከካምቢዮው ጀርባ ባለው የኃይል ማከፋፈያ ሳጥን መውጫ ላይ ያለች ትንሽ ታንቡር ናት። ከሳጥኑ ዘይት ካንጠባጠበባት አትይዝም፣ ስለዚህ ሸራ ከመቀየርህ በፊት ፓራኦሊዮውን (የዘይት ማገጃ ጎማውን) ቀይር። የፊት ጎማው መገጣጠሚያ ኳስ ላይ ግራሶው ከቀጠነና በዘይት ተቀላቅሎ ከወረደም ከውስጥ ያለው ፓራኦሊዮ አልፏል። ጎማዎቹ ጥርስ አላቸው ብለህ አትሸነገል፣ ጎናቸው ላይ ያሉትን የመጨረሻ አራት ቁጥሮች አንብብ፣ ሁለቱ ሳምንቱን ሁለቱ ዓመቱን ይነግሩሃል። መኪናውን ለመግፋት ይበቁሃል፣ ለመንገድ አይደሉም።

ሻንሲው ሥር የምትገባው መኪናው ካቫሌቶ (የብረት መደገፊያ) ላይ ሲቀመጥ ብቻ ነው። ክሪክ ለማንሳት ነው እንጂ ለመያዝ አይደለም፣ ብሎኬትም ካቫሌቶ አይደለም፣ ሳያስጠነቅቅ ይፈረካከሳል። ትንሽ መዶሻ ይዘህ ከፊት እስከ ኋላ እየመታህ ሂድ። ጤነኛ ብረት ይጮሃል፣ የበሰበሰው «ድፍ» ይላል። ድፍ ባለበት ካቻቢቴ ተጫን፣ ከገባ አልፏል። የኋላ ባሌስትራው (ተደራራቢ የብረት ሞላው) የሚንጠለጠልበት አካባቢ፣ ተሻጋሪ ብረቶቹ በሪቬት የተያዙበት፣ ጭቃ የሚታቆርበት ኩርባ ሁሉ ይታይ። ጋቢናው ላይ የምትፈልገው የበሩ ሥር፣ የመርገጫው ዳር፣ ወለሉ ከምንጣፍ ሥር፣ የጣሪያው የውሃ መውረጃ ቦይና ከኋላ ያሉት ሁለት ማዕዘኖች ናቸው። የጭነቱን ወለል ሳልነግርህም ታየዋለህ።

አሸዋ ማስነፋቱን ለሻንሲና ለቸርኬ ብቻ አድርገው። ኮፈኑ፣ ጣሪያውና በሮቹ ሰፊና ቀጭን ላሜራ ናቸው፣ በግፊት የሚመታው አሸዋ ያጎብጣቸዋል፣ ከጎበጡ ደግሞ ማንም ባትላሜራ እንደ ድሮው አይመልስልህም። ለነሱ ቀለም ማስለቀቂያና የሽቦ ብሩሽ ይበቃል። ግቢ ውስጥ ራሳችን እንንፋው ካላችሁ ደግሞ አይሆንም፣ የአሸዋ ብናኝ ሳንባ ይበላል፣ ጎረቤትህንም ጭምር። የተበላ ላሜራ ተቆርጦ በአዲስ ይተካል፣ ከ0.9 እስከ 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ይስማማዋል። በሚግ በነጥብ በነጥብ እያረፉ መበየድ ነው፣ በዘንግ ብየዳ ቀጭን ላሜራ ይቀደዳል። ከመበየዱ በፊት ባትሪና ዲናሞ ይፈቱ። የቤንዚን ታንኩን ግን ራስህም ሌላ ሰውም እንዳይበይደው። ባዶ ነው፣ ታጥቧል፣ ደርቋል ቢባልም ውስጡ የቀረው ጭስ ፈንድቶ ሰው ይገድላል። ሌላ ታንክ ፈልግ።

ስቱኮ ላይ ብዙ ሰው እንደ ስሚንቶ ያምናል። ስቱኮ የሚሠራው ቀጥ ያለ፣ ንጹሕ፣ ፕራይመር የነካው ብረት ላይ ያለች ትንሽ ጉድጓድ ለማስተካከል ነው፣ ከ3 ሚሊ ሜትር ካለፈ ይሰነጠቃል። ዝገት ላይ ከተለጠፈ ውሃውን ከሥሩ አቅፎ ይይዝና ከሁለት ክረምት በኋላ ቀለሙን ገፍቶ ይወጣል። አሁን ያለው ቀለም ሥር ምን እንዳለ ማወቅ ከፈለግህ ትንሽ ማግኔት በጨርቅ ጠቅልለህ አስኪደው፣ ካልያዘ ከሥሩ ወፍራም ስቱኮ አለ ወይም ብረት የለም። ቀለሙን ራስህ መርጨት አልመክርህም። ማጠንከሪያ የሚቀላቀልባቸው ቀለሞች አይሶሳያኔት የሚባል ነገር አላቸው፣ ተራ የአፍ ጭምብል አያቆመውም፣ አንዴ አስም ካስነሳብህ አይለቅህም። ማዘጋጀቱን፣ ማሸቱን፣ ፕራይመሩን በብሩሽ መቀባቱን አንተ ጨርስ። መጨረሻ ላይ እየነዳህ ፎርኖ ያለው ቀለም ቤት አድርሰው። እየነዳህ ነው ያልኩት።

ዕቃ ፍለጋ ላይ፣ የምትፈልገውን አሮጌ ዕቃ ሳትይዝ ገበያ አትውጣ። 2ኤፍ የ60 ሲሪዙ ኤፍጄ 60 ላይም ስለነበረ የሞተር ዕቃ ከሱ ማግኘት ትችላለህ፣ ሶማሌ ተራም የሚያውቁ ሰዎች አሉ። ጓርኒሲዮንና የበር ጎማ ግን አሮጌ አይገዛም። የባሕረ ሰላጤ አገሮች ይህን ፒካፕ በብዛት ስለነዱት ዱባይ ወይም ሳዑዲ ያለ ዘመድ ካለህ የዕቃውን ቁጥር ልከህ ሻንጣ ውስጥ የሚገባውን አስመጣ። ቶዮታም በፈረንጅ 2021 ለ40 ሲሪዝ አንዳንድ ዕቃዎችን እንደገና እንደሚሠራ አስታውቋል፣ በቁጥሩ ማጠያየቅ አይጎዳም። «ኦሪጅናል» የሚለውን ቃል በሳጥኑ አትመን፣ አሮጌውን ከአዲሱ ጎን አስቀምጠህ ለካ። የኤሌክትሪክ ገመዱን በተመለከተ አይጥ የበላውን በስኮች ጠቅልለህ አትለፍ፣ ቁራሹን ሙሉ ቀይርና ፊውዙን በትክክለኛው አምፔር አድርግ። የሲጋራ ወረቀት የተጠቀለለበት ፊውዝ ካገኘህ፣ መቼም ታገኛለህ፣ ያ መስመር የት እንደሚነካ ሳታገኝ ባትሪ አታገናኝ።

ስድስት ወር አይበቃህም። ቅዳሜና እሁድ ብቻ እየሠራህ ፍሬንና ሞተሩን በስድስት ወር ካስተካከልክ ጎበዝ ነህ፣ ላሜራውን ጨምረህ ሁለት ዓመት አስብ። የብር ቁጥር አልጽፍልህም፣ ዛሬ የጻፍኩት በሚቀጥለው ወር ውሸት ይሆናል። የምነግርህ ያለህን ለሦስት እንድትከፍለው ነው። አንዱ ለፍሬን፣ ለጎማና ለመሪ፣ አንዱ ለላሜራና ለቀለም፣ አንዱን ለማንም ሳትናገር አስቀምጠው፣ ምክንያቱም ሻንሲው ወይም ሞተሩ ከሁለት አንዱ ይጠይቅሃል። ሻንሲው ባሌስትራ በሚይዝበት ከበሰበሰ፣ መሪው ተፈትቶ የሚገጠም ከሆነ፣ ሲሊንደሩ የሚሞረድ ከሆነ ለባለሙያ ስጥ። በተለይ የሻንሲ ቁጥሩ የተመታበት ቦታ ዝገት ከበላው፣ መንገድ ትራንስፖርት አይቶት ሳይመዘግብ ብየዳ አይንካው፤ ቁጥሩ ላይ የተነካካ ብየዳ ንጹሕ ሰውን ሌባ ያስመስላል።

የሞዴሉን ኮድና ስድስቱን የኮምፕሬሽን ቁጥሮች ስታገኝ ጻፍልኝ። ስለ ሪቲፊካ ከዚያ በፊት አናወራም።